በሃይድራ ላይ የታወጀው ዘመቻ

እስከ ዛሬ ድረስ ሰው «ተባብረን እናጽዳው» ሲል ከሰማሁ ደሜ ይፈላል። ጎረቤቶቼ ለዚህ ለዚህ ሰነፍ ናት ይሉኛል። ይበሉ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ተባብረው ሲያጸዱልኝ አይቻለሁ፤ በቃኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ዲላ ነው። ባሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምር ነበር፤ እኔ ቤት ተቀምጬ የሰው ልብስ እሰፋለሁ። ልጅ አልነበረንም። ይህ ነገር ከእኛ ይልቅ ሰፈሩን ያሳስበው ነበር መሰለኝ፣ አፋቸው አያርፍም። ባሌ ከአንድ ባለሱቅ የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወት ለምኖ፣ አስቆርጦ፣ በስቱኮ አጣብቆ የዓሣ ሳጥን ሲሠራ ደግሞ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። «ልጅ ቢያጡ ዓሣ ማሳደግ ጀመሩ» ተባለ። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሁሉ ጨርቋን ሳትዘረጋ ሳጥኑን አየት ታደርግና ከንፈሯን ትመጥጣለች። ወገቧን ስለካት በመርፌ ወጋ ማድረግ ያምረኝ ነበር።

ዓሦቹ ባሌ ከለገዳራ ወንዝ በወንፊት የያዛቸው፣ ጣት የማያክሉ ነበሩ። ከወንዙ የውሃ ሣርም አምጥቶ ተከለላቸው። ሣሩ ግን ብቻውን አልመጣም። ትንሽ ሰንብቶ መስታወቱ ላይ ጫፉ የተተረተረ አጭር ክር የሚመስል ነገር ተጣብቆ አየሁ፤ በማግስቱ ሌላ ተጨመረ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ባሌ በአጉሊ መነጽር አየውና «ሃይድራ ነው» አለኝ። እንስሳ ነው ለካ። እግሩን መስታወት ላይ ይተክልና በጫፉ ባሉት ክንዶች በአጠገቡ ያለፈውን ትንሽ ነገር ሁሉ ነድፎ ይውጣል። አዋቂ ዓሣ አይደፍርም፤ ገና የተፈለፈለ ጫጩት ግን ካገኘ አይምርም።

«አደራ፣ እንዳትቆርጪው፣ እንዳትፍቂውም» አለኝ። «የተቆረጠው ቁራጭ ሁሉ ራሱን ችሎ ሃይድራ ይሆናል።»

ከሚያውቀው ድሬሰር አሮጌ ሲሪንጅ አመጣና አሠራሩን አሳየኝ። የፈላ ውሃ በሲሪንጁ ትስቢያለሽ፣ መርፌውን ወደ ሃይድራው ታስጠጊያለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትለቂበታለሽ። ሃይድራው ኩምትር ብሎ ይወድቃል፤ በጠብታ ፍል ውሃ ሳጥኑ አይሞቅም፣ ዓሣውም አይነካም። አንድ በአንድ ነው እንግዲህ። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እጄ ግን የልብስ ሰፊ እጅ ስለሆነ አይንቀጠቀጥም።

ብዙም ሳይቆይ ባሌ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገደብ ወደሚባል ወረዳ ተመደበ። በሄደ በጥቂት ቀን ዓሦቹ ሣሩ ላይ እንቁላል ጣሉ፣ እንቁላሉም ተፈለፈለ። ባሌ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ነገር ነበር። አቤት ደስታዬ! ለማን ልንገር? ለሰፈሩ እንዳልናገር ሳቃቸው ታወቀኝ። ቡና ጭኖ በሚመላለስ የመኪና ሹፌር «ፈልፍለዋል፣ ና እያቸው» ብዬ ላክሁበት። «ለወሩ መጨረሻ ፈቃድ ይሰጡኛል፣ እስከዚያ አደራሽን አኑሪልኝ» የሚል መልስ መጣልኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ አንድ ብቻ ሆነ፤ ጫጩቶቹን ለወሩ መጨረሻ ማድረስ። ጠዋት ከስፌቱ በፊት፣ ማታ ከስፌቱ በኋላ ሲሪንጄን ይዤ ሃይድራ አድን ነበር። መስታወቱ ሊጠራ ምንም አልቀረውም።

ይኼኔ ነው የቀበሌው ጤና ኮሚቴ ለወባ ቁጥጥር ብሎ የመጣው። የታቆረ ውሃ እየፈለጉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሥራቸው ነው፣ አልከፋኝም፤ ወባ ስንቱን እንደጨረሰ አውቃለሁ። ዓሣ ያለበት ውሃ የወባ ትንኝ እንደማያሳድግ፣ እጩን ዓሣው ራሱ እንደሚለቅመው አስረዳኋቸው። ሊቀመንበሩ ግን ዓይኑ የቀሩት ሃይድራዎች ላይ ተተክሏል።

«ይኼ ምንድነው?»

«ተባይ ነው፣ እያጠፋሁት ነው። ጥቂት ቀን ብቻ ይታገሡኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አንቺ ብቻሽን? በግል?» አለና ወደ ሰዎቹ ዞሮ ፈገግ አለ። «ተባይ የሚጠፋው በተደራጀ ኃይል ነው።»

በሳምንቱ የሴቶች ማኅበር አባላት ቢላዋና ምላጭ ይዘው መጡ። እየዘመሩ። በር ላይ ቆሜ እጄን ዘርግቼ ለመንኳቸው፤ የተፋቀው ይራባል፣ የተቆረጠው ይባዛል አልኳቸው። አንዷ፣ ያውም የልጇን ሙሉ የሠርግ ልብስ የሰፋሁላት፣ በክርኗ ገፋ አድርጋኝ አለፈች። «አይ አንቺ! ተቆርጦ የሚበዛ ነገር የት አይተሻል?» አለችኝ። መስታወቱን አራቱንም ወገን ፋቁት። ውሃው ደፈረሰ። አጨበጨቡና ሄዱ። እኔ ወንበር ስቤ የተረፉትን ጫጩቶች ሣሩ ውስጥ ስፈልግ ዋልኩ፤ ደግነቱ ብዙዎቹ ተደብቀው ነበር።

ሃይድራው እንደተባለው ሆነ። ቁራጩ ሁሉ በየደረሰበት እግሩን ተከለ፤ መስታወቱ ፀጉር ያበቀለ መሰለ። ከጫጩቶቹም በየቀኑ እየጎደለ ሄደ። እኔም እልህ ያዘኝ፤ የሰው ቀሚስ ሳይጨረስ እያደረ ሲሪንጁን ከእጄ አላወርድ አልኩ። ለወሩ መጨረሻ የቀረው ጥቂት ቀን ነው፣ እደርሳለሁ እል ነበር። በእርግጥም እደርስ ነበር፤ ዛሬም እምላለሁ።

ሊቀመንበሩ የዘመቻውን ውጤት ሊያይ ሲመጣ ሃይድራው በዝቶ እንጂ ቀንሶ አላገኘውም። ፊቱ ጠቆረ። የኔ ሥራ ነው ያለ ይመስል አየኝ። ከዚያ አንዱን ልኮ የተወቀጠ ብርብራ አስመጣ።

የብርብራን ነገር ለጌዴኦ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። በየቡናው መሃል ጥላ ሆኖ የቆመ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ለቅማልም ለነቀዝም ይሆናል። ወንዝ ላይ ሲበተን ደግሞ ዓሣው ራሱን ስቶ ይንሳፈፋል፣ ሰው በቅርጫት ይለቅመዋል። ይህንን በዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እዚያ የቆሙት ወንዶች ልጅ ሆነው ዓሣ የያዙት በሱ ነው። ሊቀመንበሩ ራሱ በዓል በመጣ ቁጥር የልጅነቱን የብርብራ ዓሣ እያወራ ያስቀን ነበር!

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ብርብራ እኮ ዓሣ ይገድላል!» ብዬ ጮህኩ። «እርስዎ ያውቃሉ! ሁላችሁም ታውቃላችሁ!»

አንድ ሰው «እውነቷን ነው» ቢል ይበቃ ነበር። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ሊቀመንበሩ አንዴ «ብርብራ» ብሏል፣ አልቋል። ያን ዝምታ ከብርብራው ይበልጥ ጠላሁት፤ ዛሬም እጠላዋለሁ።

በተነው። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ከበርሜል ንጹሕ ውሃ እየቀዳሁ በሳህን፣ በጣሳ፣ ባገኘሁት ነገር አወጣኋቸው፤ አልሆነም። ጫጩቶቹ ቀድመው አለቁ። ውሃው ሲረጋ ጎንበስ ብዬ መስታወቱን አየሁ። ሃይድራውን ብርብራው ንክች አላደረገውም። ክንዱን ዘርግቶ የሞቱትን ይበላል።

በቀበሌው ስብሰባ ላይ በቤታችን የነበረው ተባይ በሰፊው ሕዝብ ትብብር ተደምስሷል ተብሎ ተነገረ። ተጨበጨበ። እኔ እጄን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ።

ባሌ በወሩ መጨረሻ መጣ። ከመኪና ወርዶ ሲሮጥ ነው የመጣው፤ ጫማው የገደብ ጭቃ ነበረበት። ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ ሲፈልግ ሲፈልግ ቆየና ቀና ብሎ አየኝ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ዝም እንዳለ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲጮኽ እፈልግ ነበር።

በዚህ መሃል ሊቀመንበሩ በደጃፋችን አለፈ። «ጓድ መምህር! እንኳን ደህና መጣህ! ቤትህን ከተባይ አጽድተን ጠበቅንህ!»

ባሌ በሩ ላይ ወጣ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «አመሰግናለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ።

በዚያ ጊዜ ሌላ ምን ማለት እንደሚችል አውቃለሁ፤ ምንም አይችልም። ግን ተናደድኩ። በሱም፣ ያንን ቃል ከአፉ ባስወጡትም፣ በሰፈሩም ተናደድኩ። ወደ ስፌት መኪናዬ ሄጄ ጀርባዬን ሰጠሁት። በሩን ዘግቶ መጣና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ጫጩቶቹ ምን ይመስሉ ነበር?» አለኝ።

መልስ ልነፍገው ነበር፤ አልቻልኩም።

«ሰውነታቸው አይታይም፣ ውሃ ነው» አልኩት። «የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነበር።»