ዶክተሩን የመለስኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ከከተማችን ፒያሳ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ሐኪም እንቅልፍ ጥሏት ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ነጭ ጋውኗን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ልቀሰቅሳት አልጨከንኩም፤ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ዶክተር ማርቆስን ነበር።

ያኔ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ነርስ ነበርኩ። የተመደብኩት ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን ሆስፒታል፣ ካንሰር ክፍል ሲሆን የክፍሉ ሐኪም እሱ ብቻ ነው። አሁን ሳስበው ሠላሳ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ እኔ ግን አንቱ እለው ነበር። ታካሚ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ፣ ከባሌ ሳይቀር ይመጣል። መድኃኒት የሚያዘውም፣ ክፉውን ወሬ ለቤተሰብ የሚነግረውም እሱ ነው። ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር አለቆቹ «ማን ይተካሃል?» ይሉታል፤ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አንድ የሐምሌ ማለዳ ሳይመጣ ቀረ። ዝናቡ አላባራም፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው የተረፈው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፏል። ስልኩ አይነሣም። የክፍሉ ኃላፊ እኔን ላከችኝ። ቤቱ ስደርስ ጎረቤቱ ወደ ሐይቁ ሲወርድ እንዳየችው ነገረችኝ።

ዓሣ ከሚጠበስበት አለፍ ብሎ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። የቀረበለት ዓሣ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ዶክተር፣ ሰው እየጠበቀዎት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። የዓሣውን ሳህን ገፋ አድርጎም፣ «ትናንት አንዲት እናት ፊቴ ስታለቅስ ምንም አልተሰማኝም። ሰዓቴን ነበር የማየው» አለኝ።

አልገባኝም። ድካም ማለት ለኔ የእግር ማበጥ ነበር። «እማማ ማርታ በዚህ ዝናብ ከቡሹሎ ድረስ መጥተዋል» አልኩት። የጡት ካንሰር ታካሚ ናቸው፤ እንደሚወዳቸው ስለማውቅ ሆን ብዬ ነው ስማቸውን የጠራሁት።

ተነሣ። ያን ቀን አንድም ሰው ሳይታይ አልተመለሰም። የእማማ ማርታ ተራ ሲደርስ ፊቱን ትክ ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ አንተንስ ማን ያይሃል?» አሉት። ፈገግ ብሎ ውጤታቸውን ማንበብ ቀጠለ። ኃላፊዋ «ጎበዝ፣ አመጣሽው» ስትለኝ ደስ አለኝ።

በወሩ ሥራውን ለቀቀ። ታካሚዎቹ ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። እማማ ማርታ ግን አጃቢ አልነበራቸውም፤ ቤታቸው ቀሩ። ልጠይቃቸው ስሄድ በጣም ከስተው አገኘኋቸው፤ ያም ሆኖ ቆጮና እርጎ አስቀረቡልኝ። ይቀየሙታል ብዬ ስፈራ፣ «እንቅልፍ መተኛት ጀመረ?» ብለው ጠየቁኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

ለዓመታት ጥሎን ሄደ እያልኩ አዘንኩበት። ዛሬ የሐኪሙ ቁጥር ከያኔው ይሻላል፤ ሰልፉም አብሮ ረዝሟል። እኔም ሸብቻለሁ፤ የሚቆጨኝም ሌላ ነው። ያን ማለዳ ዶክተር ማርቆስ ሕመሙን በገዛ አንደበቱ ነገረኝ። ለማንኛውም ታካሚ አስቀድሜ የማቀርበውን ጥያቄ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለውን፣ እሱን አልጠየቅኩትም።