እህቴ ሜኑው ላይ ያስቀመጠችው ቀይ ምልክት

ዛሬ ጠዋት ነገሌ ያለው የጽሕፈት ሱቃችን ኮምፒውተር ላይ ቫይረስ ገባ። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ እህቴ ሐዊ ግን ፈገግ አለች።

ፍላሹን ያመጡት ከአሬሮ የመጡ መምህር ናቸው፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያሳትሙ ነው። ገና ስከፍተው ፊቴ ያሉት ፋይሎች ሁሉ ተበላሹ። «የደንበኞቻችን ሥራ አለቀለት!» ብዬ ጮህኩ።

ሐዊ ባለፈው ወር ኮምፒውተሩን በውስጡ እንደ ሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ከፍላው ነበር፤ የአንዱ ቫይረስ ወደ ሌላው እንዳያልፍ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን ትለዋለች። አንዱ የሰው ፍላሽ መክፈቻ፣ ሌላው የደንበኞች ጽሑፍ ማስቀመጫ ነው። እንዳንሳሳትም ሜኑው ላይ የፍላሹን መክፈቻ ምልክት ቀይ፣ የሌላውን አረንጓዴ አደረገችው። «ባጃጅ ነው እንዴ የምታስጌጪው?» ብዬ ስቄባት ነበር።

ዛሬ በልማድ የተጫንኩት ቀዩን ነው። ሐዊ ያንን ክፍል ብቻ አጥፍታ እንደ አዲስ ሠራችው። አረንጓዴው ውስጥ ካሉት ጽሑፎች አንዲት ገጽ አልተነካችም። የመምህሩንም ከኢሜይላቸው አውርዳ አተመችላቸው።

«ገለቶሚ፣ ልጄ! ማን አስተማረሽ?» አሏት መምህሩ በኦሮምኛ አመስግነው።

«እዚሁ ወንበር ላይ ራሴ እያነበብኩ ነው፣ ጋሼ።»

እኔም ሰው ፊት «የኔ እህት ናት!» አልኩ፤ ሳላፍር።

እናንተስ ስቃችሁበት በኋላ ያኮራችሁ ሰው አለ? እስቲ አጫውቱኝ።