ጠላ በጆሮዋ የምታውቅ አልጣሽ

ንፋስ መውጫ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ አልጣሽ የምትባል ሴት አለች። ጠላ ስትጠምቅ ቀን አትቆጥርም ነበር። ጆሮዋን ጋኑ አፍ ላይ ደፍታ ታዳምጣለች። ሽሽሽ ካለ ገና እየፈላ ነው፤ ዝም ሲል ትደፍነዋለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስታደርግ አንድ ቀንም አልሳተችም።

ኋላ ጆሮዋ ደከመ። መጀመሪያ የአውራ ዶሮው ጩኸት ጠፋባት፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል። ልጇ ሊድያ ከደብረ ታቦር ስትደውል፣ ስልኩ እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ ታነሳና «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ልጄ» ብላ ትዘጋለች። ልጅቱ ምን እንዳለቻት አታውቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የሚሞላው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ማኅበር ተራዋ ሲደርስ።

አምና ታዲያ ጉድ ሆነች። ጋኑ ጸጥ ሲልባት ፈልቶ ያበቃ መስሏት አፉን በጭቃ ደፈነችው። ጠላው ግን ገና ነበር። ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ወርውሮት ጠላው ወለሉን አጠበው። ማኅበርተኛው የጎረቤት ጠላ ተለምኖለት ጠጣ።

ዘንድሮ በጥቅምት የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው አቶ እንየው፣ ከጎረቤቷ ከብርቄ ጋር መጡ። አፋቸውን ግራ ጆሮዋ ላይ ገጥመው ጮኹ፦

«አልጣሽ! ተራሽን ለብርቄ እንስጣት። አንች መጥተሽ ትጠጫለሽ!»

«እኔ ቤት አትመጡም ማለት ነው?»

«ድካሙን እንቀንስልሽ ብለን ነው እንጂ!»

ብርቄ ሳቀች። «አምና እንደ መድፍ ተኮሰብን እኮ! ዘንድሮስ ማን ይሙትልሽ?» ብላ ጮኸችባት።

አልጣሽ ይችን ሰማቻት። ሳቀችም። ቀጥላ ግን «ጋሽ እንየው፣ ተራዬን አይውሰዱብኝ። ከተበላሸብኝ ያኔ ለብርቄ ይስጧት» አለች።

እሳቸውም መሬት መሬት አዩና «እሽ፣ ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው መጥቼ አያለሁ» አሏት።

ጠመቀች። ጋኑን እስከ አፉ ሞልታ በባሏ ጋቢ ጠቀለለችው። የኅዳር ብርድ ክፉ ነው። ጠላ ሲበርደው ትንፋሹ እውስጡ ይሟሟና አረፋው ይጠፋል፤ ሲሞቀው ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ዓይንም አይታመንም።

አንድ ጧት ልማድ ሆኖባት ጆሮዋን ደፋችበት። ምንም የለም። ቀና ስትል ግን ጆሮዋን ቀዘቀዛት። በጣቷ ብትዳስሰው ርሷል። ደግማ ደፋች። ለካ አረፋው ከሥር ወጥቶ ላዩ ላይ ሲፈነዳ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠብታ እየወረወረ ጆሮዋን ይመታታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፁን ስትሰማ እርጥበቱን ልብ ብላው አታውቅም!

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ጆሮዋን በነጠላዋ ጠርጋ ትደፋለች። መጀመሪያ እንደ ካፊያ ነበር። በማግሥቱ ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዋ ደረቅ ሆኖ ተነሳ። ያን ጊዜ ደፈነችው።

አቶ እንየው ከብርቄ ጋር መጥተው ጭቃውን ዳሰሱ።

«መድረሱን በምን አወቅሽ?»

«በጆሮዬ።»

ሰውየው ብርቄን አዩዋት። ብርቄም እሳቸውን አየች። ተያይዘው ወጡ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቤቱ ጢም አለ። ጋኑ ሲከፈት ክዳኑም አልተወረወረም፣ ጠላውም አልኮመጠጠም። ቤቱ በሰው ሞቆ ስለነበር ብርጭቆው ሁሉ አረፋ ያወጣ ጀመር። ብርቄ ቀምሳ ጨረሰችና ብርጭቆዋን ለድጋሚ ዘረጋች። ሰዉ ያወራል፣ ይስቃል። አልጣሽ አፍ አፋቸውን እያየች፣ እነሱ ሲስቁ ትንሽ ዘግይታ ትስቃለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነሱ። የማኅበሩ ጽዋ ከቀጣዩዋ ተረኛ ከብርቄ ጋር ሄደ። አቶ እንየው በሩ ላይ «የከርሞም ተራሽ ያንችው ነው!» ብለው ጮኹላት።

ከርሞ ሩቅ ነው። አልጣሽ መደቡ ላይ ተቀመጠች። አቶ እንየው ሳይጨርሱ በተዉት ብርጭቆ ውስጥ አረፋ አሁንም አንድ አንድ እያለ ይወጣል። ጆሮዋን አስጠጋች። አንድ ጠብታ መታት። ቆይቶ ሌላ። ሦስተኛውን ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልመጣም። ብርጭቆውን እንደያዘች ተቀምጣ ቀረች።