ቶሮንቶን ከሶፋ ላይ አላይም

ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለንደን ካለው ሰፈሬ ከኬኒንግተን ወጣሁ። ዓላማዬ አንድ ነበር፤ ቶሮንቶን በእግሬ ማየት። ትምህርት የጀመርኩት ልጆች ካሳደግሁ በኋላ፣ በማታ ኮሌጅ ነው። መምህራችን የሰሜን አሜሪካ ከተሞችን ካርታ ሲዘረጉ፣ ያቺ መንገዶቿ በማስመሪያ የተሠመሩ የሚመስሉ የሐይቅ ዳር ከተማ ዓይኔን ያዘችው። ቲኬት ቡክ አደረግኩ፤ ሄድኩ።

የአክስቴ ልጅ እታገኝ ኤርፖርት ጠበቀችኝ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ለኔ ብላ ፈቃድ ወስዳለች፤ መኪና ውስጥ ገና ሳንደላደል ፕሮግራሙን ዘረዘረችልኝ። እሑድ እዚህ፣ ሰኞ እዚያ፣ ሐሙስ ደግሞ ትልቁ ምሳ፣ ጡረታ የወጡት ዘመዳችን ጋሽ ወርቅነህ ቤት። እንግዳን በየቤቱ መጋበዝ ወጋችን ነው፤ አልክድም። ግን እስከ ረቡዕ ያየሁት ቶሮንቶ ሶፋና ዶሮ ወጥ ብቻ ሆነ። ከተማዋ በመኪና መስኮት ታልፈኛለች።

"ይሄ የማን ሰፈር ነው?" ስላት፣

"እኔንጃ፣ የፖርቱጋሎች መሰለኝ" ትላለች። ዓመታት ኖራበታለች!

ረቡዕ ማታ

"እትዬ፣ ነገ ምሳው ላይ አልገኝም። በትራም ከተማ ልዞር ነው።"

"ብቻሽን? እንግዳዋን ሜዳ ላይ ለቀቀቻት ሊሉኝ?"

"ጥላኝ ሄደች በያቸው።"

"በጉ እኮ ላንቺ ተብሎ ነው የታረደው!"

"ነፍሱን ይማር።"

አልሳቀችም። ጠዋት ቁርስ ላይም አላናገረችኝ። እኔም ጫማዬን አሰርኩ።

ሐሙስ

ቀዩ ትራም እየተንጓጓ ኮሌጅ በሚባለው ጎዳና ወሰደኝ። ፖርቱጋሎቹ ደጃቸው ላይ የወይን ሐረግ ሰቅለዋል። ጥቁር የለበሱ አንዲት አሮጊት ቲማቲም ሲያጠጡ ቆሜ አየኋቸው፤ በቋንቋ አልተግባባንም፤ አንድ ቀጥፈው ሰጡኝ፤ እዚያው ነክሼ በላሁት። ከዚያ ኬንሲንግተን ገበያ። የለንደኑን ለምታውቁ፣ እንደዚያ የሀብታም ሰፈር እንዳይመስላችሁ፤ በረዶ ላይ የተኛ ዓሣ፣ ልባሽ ካፖርት፣ የአይብ ሽታ ነው። ቅመም የምትሸጥ ጃማይካዊት ጠራችኝ።

"የየትኛዋ ደሴት ልጅ ነሽ?"

"ደሴት የለኝም፤ የተራራ ልጅ ነኝ። ኢትዮጵያ።"

"ታዲያ እናንተን እዚህ ገበያ አይቼ አላውቅም። ያገርሽ ሰዎች ከመኪና አይወርዱም እንዴ?"

ሳቄ አመለጠኝ። እግሬ እስኪዝል ሐይቁ ድረስ ወረድኩ።

ስመለስ ጋሽ ወርቅነህ እታገኝ ቤት ተቀምጠው ጠበቁኝ።

"ንቀሽን ነው?"

"እርስዎን አልናቅሁም፣ ጋሼ። ሶፋማ ለንደንም አለ። ነገም እወጣለሁ።"

እታገኝ መሬት መሬት አየች። ለንደን እስክመለስ ድረስ በየቀኑ ወጣሁ፤ እሷም እስክመለስ ድረስ አኮረፈችኝ።

ኬኒንግተን

ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ሙሉ የምትባለው ጎረቤቴ በር ላይ፣ "ዘመድ አዋርደሽ መጣሽ አሉ" አለችኝ። እኔ የተማርኩት ግን ሌላ ነው፤ ሰው ወዳጁን እያከበረ እንኳ፣ ለገዛ ዓይኑ ፈቃድ ሰጪ መሾም የለበትም።

እሑድ ለእታገኝ ደወልኩ። ለቀረሁበት ምሳ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለሄድኩበት መንገድ አልጠየቅኩም።

"ግትር!" አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለመሆኑ ያንን ትራም ከየት ነው የሚይዙት?"

ለንደን ተቀምጬ፣ እሷ የምትኖርበትን ከተማ መንገድ አሳየኋት።