ዳንቴል የለበሰው ማሽን

ያን ዳንቴል ከኮምፒውተርሽ ላይ መንጭቄ የጣልኩት ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽም። እሑድ ለቡ መብራት ኃይል ድረስ ምሳ ጠርተሽኝ፣ ገና ሶፋው ላይ አረፍ ከማለቴ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ነገር አየሁና ብድግ አልኩ። «አክስቴ፣ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው» አልሽኝ። ልጅሽ ደንግጣ ጉያሽ ገባች። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ መቆጣት እንጂ ማስረዳት አልችልበትም። ወጡ ሳይቀዘቅዝ ምሳው ቀዘቀዘ። አሁን ግን ረጋ ብያለሁና ስሚኝ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ከብስራተ ገብርኤል ወረድ ብላ በነበረችው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በስጦታ የተላከ ኮምፒውተር መጣ። በሰልፍ፣ በመዝሙር፣ በመፈክር ተቀበልነው። ዳይሬክተሩ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረውን ክፍል አስጠረጉና ግድግዳውን ኖራ አስቀቡት፤ ወለሉን በሰም አስወለወሉት፤ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ አሰቀሉ። ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አልለዩትም። ከዚያ እኛን፣ የእጅ ሥራ የምንማረውን ሴቶች፣ አስጠሩን።

«ዳንቴል ሥሩለት» አሉን። «አቧራ እንዳይገባበት።»

ለመለካት የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ሜትር ረስቼ ስለሄድኩ እጄን ዘርግቼ በስንዝር ለካሁት። ቀዝቃዛ ነበር። አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ከበዓል ጫማ ሽታ ጋር ይመሳሰላል። ለማሳያው አንድ፣ ለፊደሎቹ ሰሌዳ አንድ ሠራን፤ ዳር ዳሩን ዘርፍ አደረግንለት። ማን ይፈርድብናል? በየቤታችን ራዲዮኑም ቴፑም ዳንቴል ለባሽ ነበር። የተወደደ ነገር ይሸፈናል፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። እኔ ያንን ማሽን የነካሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ ዳግመኛ ጣቴ አላረፈበትም።

ትምህርቱስ? ትምህርቱማ ነበር። የሒሳብ መምህራችን ለጥቂት ሳምንት ስለ ማሽኑ ሠልጥነው፣ የማሽኑን መመሪያ ይዘው ተመልሰዋል። በር ላይ ስንደርስ «ጫማ!» ይሉናል። ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው አውልቀን እንገባለን። የስንቱ ካልሲ ሽታ፣ የወለሉ ሰም ሽታ፣ የተዘጋ ቤት ሙቀት፤ እስከ ዛሬ ሳስበው አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ካልሲው የተቀደደበት ሁሉ አውራ ጣቱን በሌላው እግሩ ይሸፍናል። መምህሩ የዳንቴሉን ጫፍ፣ የአራስ ልጅ ፊት ለጠያቂ እንደሚያሳዩ ሁሉ፣ በሁለት ጣት ገለጥ ያደርጉታል።

«ይህ ስክሪን ይባላል።»

«ስክሪን!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

ዳንቴሉ ይመለሳል። ክፍላችን ሄደን ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው ላይ መምህሩ በጠመኔ የሣሉትን የፊደል ሰሌዳ በአርጩሜያቸው እየጠቆሙ ያስጮሁናል። «ኪው፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ቲ…» እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ሀሁ ረድፍ በረድፍ፣ በዜማ። ወደታችም ወደላይም በቃላችን ወጣነው። በትምህርቱ ሰዓት ኮምፒውተሩ አንድም ቀን ሲበራ አላየነውም። መብራት ይበላል፣ ይቃጠላል፣ የመንግሥት ንብረት ነው ተብሎ ነበር።

ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ልጅ የሀና ማርያም ገበሬ ልጅ ነበር። ጠዋት ጠዋት የእናቱን ላሞች ወተት ለደንበኞች አድርሶ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው፤ ስለዚህ ደብተሩ ሳይቀር ወተት ወተት ይል ነበር። የክፍሉ ልጆች ይቀልዱበታል። እኔ ግን ያንን ሽታ እወደው ነበር፤ እሱንም እወደው ነበር፤ ይኸው ዛሬ ተናገርኩት። ስለ ማሽኑ ሲወራ ዓይኑ ሌላ ይሆናል። «ቆይ፣ ሲበራ ምን ይል ይሆን?» ይለኛል። «እንደ ራዲዮ ይናገራል ወይስ ይጽፋል?» እኔ ምኑን አውቄ!

አንድ ቀን ከአባቴ ሱቅ የሳሙና ካርቶን አምጪልኝ አለኝ። «ለምን?» ስለው «እንዲሁ፣ ለአንድ ነገር» ብሎ አፈረ። አመጣሁለት። ከዚያ በኋላ ስለ ካርቶኑ አላነሳም፤ እኔም ረሳሁት።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ይህን ካልነገርኩሽ የሚመጣው አይገባሽም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን እኚሁ የሒሳብ መምህር አንድ ከባድ ጥያቄ ጠየቁ። ያ ልጅ መልሱ ቶሎ ስለመጣለት በደስታ ቁጭ እንዳለ ተናገረው። መልሱ ትክክል ነበር። መምህሩ ግን «ተቀምጠህ የምትመልስልኝ እኩያህ ነኝ?» ብለው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ጠጠር ላይ አንበረከኩት። ሲጠየቁ ብድግ ይባላል፣ እጅ ይጣመራል፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። ጉልበቱ ደምቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስሙ እንኳ ሲጠራ ከሁላችንም በፊት የሚቆመው እሱ ሆነ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንደርስ ማሽኑን ከላከው አገር አንድ ባለሙያ እንደሚመጣ ተነገረን። አንድ ተማሪ መርጦ ለኮምፒውተር ትምህርት ወደ አገሩ ይወስዳል ተባለ። በዚያን ጊዜ ውጭ አገር መማር ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ ማስረዳት ይከብደኛል። ለወንድ ልጅ ደግሞ ትርጉሙ ሌላም ነበር፤ ጦርነቱ ወጣቱን እየጠራረገ የሚወስድበት ጊዜ ነው። መምህሩ ሁለት ልጆች አዘጋጁ። አንዱ የዴስክ ጓደኛዬ፣ ሁለተኛዋ የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ።

የዚያን ቀን ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ባለሙያው ረጅም፣ ፊቱ የቀላ ሰውዬ ነበር። ከእሱ ጋር ካኪ የለበሱ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥተዋል። ፈረንጁ ሳይጠይቅ ዳንቴሌን ሰብስቦ መስኮቱ ላይ ወረወረው። ማሽኑ በራ። አንድ ዓይነት የንብ ድምፅ አሰማና ጥቁሩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቅ አለ። ሁላችንም እንደ አንድ ሰው «ውይ!» አልን። ፈረንጁ ጥቂት ነገር ጻፈና ተነሥቶ የዴስክ ጓደኛዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

ልጁ ጣቶቹን ፊደሎቹ ላይ ዘረጋ። ያኔ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ መጣ። «ስምህ ማን ነው?» ይላል።

ልጁ ብድግ አለ። የሸሚዙን ጫፍ ሳብ አደረገ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ፣ ዓይኑን መስታወቱ ላይ ተክሎ ስሙን ከነአባቱ በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ለማሽኑ ነገረው።

ከዚያ ባለሥልጣኑ በሣቅ ፈነዱ። እሳቸው ከሣቁ ማን ይቀራል? ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። እኔ አልሣቅሁም፤ ጉልበቱን ነበር የማየው። እሱ ግን አሁንም እንደቆመ ነው፤ የጠየቀው አካል «ተቀመጥ» እስኪለው እየጠበቀ። ማሽን ደግሞ «ተቀመጥ» አይልም።

ፈረንጁ አልሣቀም። በምልክት «ተቀመጥ፣ ጻፈው» ሊለው እጁን ሲያነሣ ዳይሬክተሩ ቀደሙት። «በቃ! በቃ! ቀጣይ!» አሉ፤ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። እንግዳ ፊት ተዋርደናል ብለው ነው። የሒሳብ መምህሩን አየኋቸው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «ይህ ልጅ ሲጠየቅ እንዲቆም ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ዕድል ይሰጠው» ማለት። አላሉም። አለቃ ፊት ሳይጠየቁ መናገርም ለእሳቸው ነውር ነበር። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው? ውሸት ነው፤ የሰው ልጅ ያነቅዛል።

የሊቀመንበሩ ልጅ ተቀመጠች። ጥፋቱን አይታ ስለነበር አልቆመችም። በአንድ ጣቷ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምራ በሹክሹክታ እያዜመች፣ እያንዳንዱን ፊደል ፈልጋ ስሟን ጻፈች። ተጨበጨበላት። እሷ ላይ ቂም የለኝም፤ እሷም ልጅ ነበረች። በዚያው ወር ሄደች።

በር ላይ ጫማችንን ስናደርግ መምህሩ መጡ። «አንተ ልጅ፣ ማሽን እኮ ነው! ለማሽን ይቆማል?» አሉት።

ማሰሪያውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል «ቲቸር፣ ጠየቀኝ እኮ» አላቸው። «ሲጠየቅ የሚቀመጥ ባለጌ ነው አላሉኝም?»

መምህሩ ወደ እንግዶቹ ተመለሱ። በኋላ፣ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ያን ልጅ በደልነው» ይሉኝ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሰላምታ ሰጥቼ አልፋቸዋለሁ።

ማትሪክ ልንፈተን ስንል አንድ ጠዋት ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። ወተት አድርሶ፣ ባዶ ዕቃውን ይዞ ሲመለስ የውትድርና አፈሳ ገጠመው። «ተማሪ ነኝ፣ መታወቂያዬ ቤት ነው» ብሎ ነበር አሉ። ማን ይሰማዋል? የወተት ዕቃው መንገድ ዳር ወድቆ ተገኘ። ያን ቀን ተቀምጦ ስሙን ጽፎ ቢሆን ኖሮ አፈሳው ሲመጣ ባሕር ማዶ ነበር። ይህን እያሰብኩ ስንት ዓመት እንደተቃጠልኩ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ጦርነቱ አበቃ። ወታደሩ ሁሉ በእግሩ፣ አንዳንዱ ጫማ እንኳ ሳይኖረው ወደየቤቱ ገባ። የዚያ ልጅ እናት አስፋልት ዳር ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ ፊቱን ታይ ነበር። አብሮት የነበረ አንድ ልጅ ነው ኋላ መርዶውን ይዞ የመጣው።

እስከ ዛሬ አንድ ልጅ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ባየሁ ቁጥር «አትንኪ»፣ «ቀስ»፣ «አቧራ» የሚል ሰው ይመርረኛል። ልጅሽን አስፈራርቻት ከሆነ ይቅር በሉኝ። ግን ትንካው። ብታበላሸውም ታበላሸው።

ያኔ፣ መርዶው እንደመጣ፣ ለልቅሶ ሀና ማርያም ሄድኩ። ለቀስተኛው ሲበታተን እናቱ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። «አንቺ አብረሽው ተምረሻል፤ እስቲ ይህ ምን እንደሆነ ንገሪኝ፣ ልጄ» አለችና በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ከሣጥን አወጣች።

የአባቴ ሱቅ የሳሙና ካርቶን ነበር። ጠፍጣፋ አድርጎ ቆርጦታል። ላዩ ላይ የማሽኑን ፊደሎች በሙሉ፣ እያንዳንዱን በአራት ማዕዘን ከብቦ፣ በቢክ እስክሪብቶ ሥሏቸዋል። አንዳንዶቹ ፊደሎች ከመነካት ብዛት ተፍቀው ሊጠፉ ደርሰዋል። የትኞቹ እንደሆኑ ቀስ ብዬ አነበብኩ። የእሱ ስም ውስጥ ያሉት ናቸው።

«ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዓይኑን ጨፍኖ ይደበድበው ነበር» አለችኝ እናቱ። «ምን ታደርጋለህ ስለው፣ ‹እማዬ፣ ስሜን እየጻፍኩ ነው› ይለኛል። እኔ ካርቶን ነው የማየው። ምንም የተጻፈ ነገር የለበትም።»

ስለ ማሽኑ ነገርኳት። ስለዚያ ቀን ግን አልነገርኳትም።

ካርቶኑን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችውና፣ የቤት ዕቃ እንደሚያዝዝ ሰው፣ በተራ ድምፅ «ዳንቴል ትችላለች ይለኝ ነበር» አለች። «አንድ ሥሪለት፣ ልጄ። አቧራ እንዳይገባበት።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና እጄን ዘርግቼ በስንዝር ለካሁት።