ስሙን ያልጠራሁት በሽታ

መጀመሪያ የጠፋባቸው የምግብ ጣዕም ነው። ባለቤቴ መሪጌታ ሽሮውን ቀምሰው ጨው ረስተሻል አሉኝ። ጨመርኩ፤ አሁንም የለውም አሉ። ግልፍተኛ ነኝና ታዲያ አሞሌውን ይላሱታ ብዬ አኮረፍኩ። በማግስቱ ትኩሳትና ደረቅ ሳል መጣ።

አማኑኤል ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። በኮሮናው ጊዜ ማስክ ስሰፋ ነበር የምውለው። ደንበኛው ሁሉ ከሬዲዮ የለቀመውን አዲስ ቃል ይዞ ይመጣል፦ ርቀት፣ ለይቶ ማቆያ፣ ንክኪ። እኔን የምታስፈራኝ ንክኪ ነበረች። ንክኪ አላቸው የተባለ ቤት ደጁ ጭር ይላል። የመሪጌታ የቅኔ ተማሪዎች ይበተናሉ፣ ክፉ ቢመጣም ለቀስተኛ አይቆምልንም ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ ብርድ መቷቸው ነው አልኩ። ተማሪዎቹን እንግዳ አለብን ብዬ ከበር መለስኩ። አምስት ቀን በፌጦና በነጭ ሽንኩርት ያዝኳቸው።

በስድስተኛው ቀን ከንፈራቸው ጠቆረ። መናገር አቃታቸው። ሮጥኩ። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ደረስኩ። ኮሮና ነው አልኳት። ቃሉን ለሰው ስናገር ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። አምቡላንስ ጠራችልን።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ጣታቸው ላይ መለኪያ አደረገ።

«ሳቹሬሽናቸው፣ የደማቸው ኦክስጅን ማለት ነው፣ ወደ ሰባ ስድስት ወርዷል። ለምን ቆያችሁ?»

ኦክስጅን ሰጧቸው። እኔም ተመርምሬ ፖዘቲቭ ሆንኩ፤ ሴቶቹ ክፍል ተኛሁ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። «አለሁ» አሉ መሪጌታ። ሌላ አልቻሉም።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ይደውሉልኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቃል፣ ኋላ ትንፋሻቸው ሲመለስ ረዘም ያለ ወሬ፣ በዚያም ላይ ከነርሶቹ የተማሩትን የሐኪም ቤት ቃል ሁሉ እየጨመሩ። አጠገባቸው የተኙ አንድ የአዊ ገበሬ፣ አሮጊት እናታቸው ለበሽታው በአገውኛ የራሷን ስም እንዳወጣችለት፣ ወደ አማርኛ ሲመለስም «ሰላምታ ከልካይ» እንደ ማለት መሆኑን አጫወቷቸው። መሪጌታ በግእዝ ለወረርሽኝ ብድብድ የሚባል የጥንት ቃል እንዳለ ቢያውቁም የአሮጊቷ ይበልጣል አሉኝ፤ እኛ ከመጽሐፍ ስንፈልግ እሷ ከቀረባት ሰላምታ አወጣችው ብለው። እኔ ስንት ቃል ሳያርፉ እንደተናገሩ ነበር የምቆጥረው።

አንድ ጠዋት አላስችል አለኝና ተናዘዝኩ። ብርድ ነው እያልኩ ያዘገየሁዎ እኔ ነኝ፣ ልገድልዎ ነበር አልኳቸው።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄው ነበር። እኔም ፈርቼ ነው ብርድ ነው ስትዪ እሺ ያልኩት» አሉ።

ድነን ቤታችን ስንገባ፣ ይሸሸናል ብዬ የፈራሁት ጎረቤት ላማችንን ሲያልብና ሲያጠጣ ሰንብቶ አገኘነው። እሱንም፣ ሐኪሞቹንም፣ ያቺን የጤና ሠራተኛም እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ቤት የታመመ ካለ ግን፣ እባካችሁ፣ የበሽታውን ስም ጥሩና ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የሸሸ ጎረቤት ይመለሳል፤ የሄደች ነፍስ አትመለስም። መሪጌታ ዛሬም ዳገት ሲወጡ መሃል ላይ ያርፋሉ። እኔም አብሬያቸው እቆማለሁ።