ለአረፋ የተወጋ ጉልበት

አንድ ዕድሜ ስንት እንሰት ነው? ዩኒቨርሲቲ ሳለን የሰው ክብር በምን ይለካል እያልን ስንከራከር አምሽተናል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም። ቡታጅራ ዳር የምትኖረው ከድጄ አርባ ዓመት ሙሉ ስትመልሰው ኖራለች፤ መሬት ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ የተሰነጠቀውን የእንሰት ግንድ በተረከዟ ሳንቃው ላይ አጣብቃ እየፋቀች። ቆጮውን ሰው በላው። ቀኝ ጉልበቷን ሥራው በላው።

ከስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ እሷና ባሏ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ በከተማው ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ጉልበቷ አብጦ ተቀምጣ መስገድ ስትጀምር ባሏን ሸረፋን አላሳሰበውም። ያሳሰበው አረፋ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ልጆቹ ከመርካቶ ሊመጡ ነው፣ የጓሮው እንሰት አልተፋቀም።

«መምህር፣ ድሬሰሩ ወዳጅህ አይደል? አንድ መርፌ ያድርግላት እንጂ!»

ወሰድኳት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሸዋንግዛው ከመገጣጠሚያዋ ውሃውን በመርፌ ቀዳና መድኃኒቱን እዚያው ወጋት። በሳምንቱ ቆማ ሰገደች፤ ከደስታ ብዛት አለቀሰች።

«አሁን ታርፍ» አለ ሸዋንግዛው።

ሸረፋ ሳቀበት። «ወንድሜ፣ አንተ በቅሎህን የምታሳክማት አስረህ ልታያት ነው?»

በማግሥቱ ሳንቃው ሥር ነበረች። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ መርፌው የተሰጠው ለእንሰቱ እንጂ ለእሷ አልነበረም። ሕመም እኮ የእንዲህ ያለ ሰው ብቸኛ ጠበቃ ነው፤ «በቃ» የሚልለት እሱ ብቻ ነው። እኛ የተማርነው፣ አረፋ በመጣ ቁጥር ለመርፌ እየወሰድናት የዚህን ጠበቃ አፍ ዘጋን።

በአራተኛው ዓመት ጉልበቷ እንደ ቅል አብጦ ወደ ውስጥ ተጣመመ። በበቅሎ ጤና ጣቢያው አደረስናት። ሸዋንግዛው መድኃኒቱን ሲቀዳ እጁን ያዘችው።

«ሐኪም፣ መርፌው ይቅርብኝ። ወረቀት ጻፍልኝ።»

«የምን ወረቀት፣ እናቴ?»

«‹ከድጄ ዘንድሮ እንሰት እንዳትፍቅ› የሚል። ማኅተም ያለበት። እኔ ስለው አይሰማም፤ ወረቀት ይሰማል።»

«የሕመም ፈቃድ እኮ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው!» ሸዋንግዛው ሳቀ።

«ወላሂ፣ ዳኛ ፊት ልታቆመኝ ነው!» ሸረፋም ሳቀ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅሁ።

ወደ እኔ ዞረች።

«መምህር፣ አንተስ መጻፍ ታውቅ የለም? ማኅተሙ ይቅር። አንዲት መስመር ብቻ ጻፍልኝ።»

ብዕሩ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።